የአዳማው ፎቅ ቤትና የእኔ ሲሚንቶ

ከሻሸመኔ ተነስቼ አዳማ የሄድኩት ልጄንና የልጅ ልጄን ከሚኖሩበት ቤት ለማስወጣት ነው። ቤቱ እንዳይወድቅባቸው ፈርቼ። ተራ ቤት አይደለም፤ ቅርስ መሆኑን የሚናገር የብረት ሰሌዳ በሩ ላይ የተመታበት፣ ሰው ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው የድሮ ፎቅ ነው። አሮጌ ቤት ያላችሁ ሰዎች ብታነቡት ይጠቅማችኋል ብዬ የሆነውን እንደሆነ ጽፌዋለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስለ ቤቱ አሠራር የምጽፈው ያየሁትንና የነገሩኝን ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ልጄ ምሕረት የአራት ዓመት ልጇን የናኦሚን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። ናኦሚ አዲስ ቀሚስ ለብሳ አልጋዋ ላይ ቆማለች። እኔ ቀሚሱን አላየሁትም። ከልጅቷ ጀርባ፣ ከአልጋው ራስጌ ተነስቶ እስከ ጣሪያው የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ። ፎቶውን በጣቴ ሳሰፋው ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሆኖ ታየኝ። ወዲያው ደወልኩ።

«ምሕረት፣ ያ ግድግዳ ምን ሆኖ ነው?»

«የቱ ግድግዳ?»

«ከልጅቷ ጀርባ ያለው!»

«ላንቺ እኮ ፎቶ አይላክም፣ እማ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የልብ ሳቅ አልነበረም። ስጫናት ስንጥቁ ከፋሲካ ጀምሮ እንዳለ፣ በየሳምንቱም እየሰፋ እንደሆነ፣ ሐሙስ የቅርስ ባለሙያ መጥታ እንደምታየው ነገረችኝ። እስከዚያ ግን የልጅቷ አልጋ እዚያው ነው። ግንቦት እያለቀ ነው፤ ክረምት ሊገባ ነው። «ነገ ጠዋት መጣሁ» አልኳት።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሻሸመኔ

ባለቤቴ ተስፋዬ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። እኔ ጎማውን ሳላይ መኪና አልሳፈርም። ሁለት ሚኒባስ ትቼ ሦስተኛውን ዞሬ ሳየው ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣

«ማዘር፣ ሊገዙት ነው እንዴ?» አለኝ።

«በሰላም ልደርስበት ነው» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ታርጋውን በወረቀት ጽፌ ለተስፋዬ ሰጠሁትና ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ስሆን መንገዱም የሾፌሩ እጅም ይታየኛል። ሂሳቡ አራት መቶ ብር ነበር።

አርሲ ነጌሌን ሳናልፍ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። አነሳው። በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ከፊታችን ያለውን የጭነት መኪና ሊቀድም ወጣ።

«ልጄ፣ ስልኩን ተወው!»

«ሚስቴ ናት፣ ማዘር።»

«እሷም በሕይወት ነው የምትፈልግህ።»

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የአርሲ ሽማግሌ «ዱጋ፣ ዱጋ፤ እውነቷን ነው» አሉና ሾፌሩ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ግን በመስታወት እያየኝ ቶሎ ቶሎ ፍሬን ይይዝ ነበር፤ ይህም ራሱ አስፈራኝ።

ላንጋኖን በቀኝ እያየን አለፍን። ውሃው ቡናማ ነው፤ ግራሩ ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተዋል፤ በመንገዱ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሮ ይሸጣል። አዳሚ ቱሉን ስናልፍ መኪናው በድንገት ቀስ አለ። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽማግሌው ክንዴን ነካ አድርገው «ቲማቲም ነው፣ ሀዳ ኮ፣ እናቴ፤ ግለጪ ዓይንሽን» አሉኝ። አንድ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ቲማቲም እንደጫነ ተገልብጦ ነው። ሾፌሩ ተርፎ መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ የሚጠጣውን ውሃ በራሱ ላይ ያፈሳል።

ባቱ ላይ ለሻይ ሃያ ደቂቃ ቆምን። ሌሎቹ የተጠበሰ አሣ አዘዙ። እኔ ሲርበኝም ሲጨንቀኝም አጥንት ያለው ነገር አልበላም፤ ለናኦሚ ሁለት ፓፓያ ገዝቼ ተመለስኩ። ከባቱ በኋላ አዲሱ ሰፊ መንገድ ነው። አህያም ጋሪም የለበትም፤ ሾፌሩ ግን ቂሙን የተወጣው እዚያ ላይ ነው፤ ንፋሱ በመስኮት እያፏጨ በረርን። ወደ ቆቃ ስንቃረብ ከፊታችን ጥቁር ደመና ቆሞ አየሁ። ደመናው አዳማ ላይ ይሁን ሞጆ ላይ መለየት አልቻልኩም። ያ ግድግዳ ዝናብ ቢያገኘው እያልኩ መጸለይ ጀመርኩ።

ረቡዕ፣ 4 ሰዓት ተኩል፣ አዳማ

ዝናቡ አዳማን አልፏት ሄዶ ነበር። ከተማዋ እንደ ወትሮዋ አቧራና ንፋስ፤ ኮረብታው ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

ቤቱን ለማያውቅ ሰው ልግለጸው። ባለ አንድ ፎቅ ነው። መሠረቱ ከውጭ እስከ ጉልበት ድረስ በጥቁር ድንጋይ ተከቧል፤ ግድግዳው ከመሬት እስከ ጣሪያው ድረስ የጽድ ቋሚና ማገር ሆኖ በጭድ ጭቃ የተሞላ ነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ውፍረት ከክንድ ይበልጣል። ፎቁን በሦስት በኩል የእንጨት በረንዳ ዞሮታል፤ በአራተኛው በኩል፣ ንፋስ በሚመጣበት፣ መስኮት እንኳ የለውም። ደረጃው በውጭ ነው። ከቆርቆሮው ክዳን ጠርዝ ሥር እንደ ዳንቴል የተበሳ ጣውላ ዙሪያውን ተንጠልጥሏል። ሰማያዊ ቀለሙ ለቋል፤ ከሩቅ ግን ያምራል።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ምድር ቤት ወዳለው የናኦሚ ክፍል ገባሁና አልጋውን መጎተት ጀመርኩ።

«እማ፣ መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣሽ ልበልሽ እንጂ!» አለች ምሕረት።

«እግሩን ያዥልኝ።»

አልጋውን ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ወሰድነው። ናኦሚ እየተከተለች «አያቴ፣ ቤት ልንለቅ ነው?» ትላለች። ፓፓያውን ሰጥቼ ዝም አሰኘኋት። ለእኔም መኝታዬን እዚያው እንዲያነጥፉልኝ ነገርኳቸው።

በምሳ ሰዓት የምሕረት ባል ገመቹ ከትምህርት ቤት መጣ። የታሪክ አስተማሪ ነው። ቤቱን የሠሩት የእሱ ቅድመ አያት ናቸው፤ ስለ ቤቱ ማውራት ሲጀምር ምሳው ይበርዳል። ቅድመ አያቱ ከአርሲ በበቅሎ እህል እያመጡ ለባቡሩ ነጋዴዎች የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ሲከብሩ ከድሬዳዋ ሁለት አናጢዎች አስመጡ። አናጢዎቹ የባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የለመዱትን የተበሳ ጣውላ እዚህም ሠሩ። ምድር ቤቱ የእህል መጋዘን ነበር፤ ቤተሰቡ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ፎቁ ወለል ላይ በጣውላ የሚከደን ቀዳዳ አለ፤ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሆነው እህላቸውን የሚጠብቁት በእሱ ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ወርሶት ቆይቶ በስንት ደጅ ጥናት ተመለሰላቸው።

«አንድ ቋሚ አልተቀየረም፣ እማዬ» አለኝ ገመቹ በኩራት። «ቅርስ ተብሎ የተመዘገበውም ለዚህ ነው። ሁሉም እንደተተከለ ነው ያለው።»

እኔ ሳህኔን እያየሁ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። ናኦሚ ስትወለድ ምሕረትን ላርሳት መጥቼ ሁለት ወር ተቀምጬ ነበር። ደረጃ እንዳትወጣ ብለን የተኛችው ያ አሁን የናኦሚ የሆነው የድሮ መጋዘን ክፍል ውስጥ ነው። የጭቃው ግድግዳ ይፈረፈራል፤ ጠዋት ጠዋት የሕፃኗ ብርድ ልብስ ላይ አቧራ አገኛለሁ። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር የሳንባ ምች ነው እያልኩ እሞት ነበር። ገመቹ ለአንድ ሳምንት ለፈተና ሥራ ከከተማ ሲወጣ አንድ ለሳኝ ፈልጌ አመጣሁና ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ገመቹ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ነገር ግን አማቱ ነኝ፤ ልጁንም ብዬ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ዝም አለ።

ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም የማያውቀው ሌላ ነገር ነበር። ለሳኙ የጓሮውን ማዕዘን ሲፍቅ የማዕዘኑን ቋሚ እግር ምስጥ በልቶት አገኘው። በጣት ሲነኩት ዱቄት ነው። ከጉልበት በታች ያለውን በመጋዝ ቆረጠውና በቦታው ድንጋይና ሲሚንቶ ጠቅጥቆ ለሰነው። «እንዲያውም ጠነከረ» አለኝ። ምሕረት አራስ ናት፤ እንዳትደነግጥ ብዬ አልነገርኳትም። አራስነቷ ሲያልቅ ደግሞ መንገሩ ራሱ አስፈራኝ። ከዚያ ረሳሁት። እውነቱን ለመናገር፣ እንደረሳሁ ሆንኩ።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት

የቅርስ ባለሙያዋ ኢንጂነር ጫልቱ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቆብ አድርጋለች። አብሯት አንድ የወሎ ሽማግሌ ግንበኛ መጡ፣ ጋሽ ሰይድ። አዳማ ውስጥ የቀረ የድሮ የጭቃ ቤት ሁሉ የእሳቸው እጅ አለበት አሉ።

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ፎቅ ወጥተው ቱንቢውን፣ የግድግዳ ቅናት የሚለካበትን የእርሳስ ክብደት፣ በገመድ ለቀቁት። እርሳሱ ታች ሲደርስ ሁላችንም አየነው፤ ግድግዳው ሆዱን ወደ ጓሮው በአራት ጣት ገፍቶ ነበር። ወደ ናኦሚ ክፍል ወርደው ስንጥቁን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው መቱት። ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ነው።

«ሲሚንቶ!» አሉ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ጭቃን ሲሚንቶ ያለበሰው ማነው?»

«ችግር አለው?» አለች ምሕረት።

«ጭቃ ያልበዋል፣ ልጄ። ከመሬት የጠጣውን በገላው ያወጣዋል። ሲሚንቶ ሲያለብሱት ላቡ ውስጥ ይቀራል። ውስጥ ያለው ጭቃ ይርሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከውጭ ስታዪው ድንጋይ ነው፤ ከውስጥ ገንፎ ነው።»

ኢንጂነሯ መዝገቧን ገለጠች። «ይህ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው። ያስጠይቃል። ማን ነው ያሠራው?»

ገመቹ ወደ እኔ ሳያይ፣

«እኔ ነኝ» አለ።

ምሕረት ባሏን አየችው። እኔ መሬት አየሁ። የሀገራችን አማች አማቱን በሰው ፊት አያሳፍርም፤ ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ክብሩ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ቢሆንም ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ፤ ዝም አልኩ። ምናልባት ሲሚንቶው ተፈቅፍቆ ነገሩ እዚያው ያልቃል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ከቋሚዎቹ የተነካ አለ?» ብላ ጠየቀችው ኢንጂነሯ።

«የለም። አንድም አልተነካም» አለ ገመቹ። እሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

«እንዲያ ከሆነ ደግ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የፎቁን ክብደት የያዘው የማዕዘኑ ጽድ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ሌላው አያሰጋም። ከዚሁ ሥር እጀምራለሁ፤ ትንሽ ልፈቅፍቅና ውስጡን ልይ።»

መሮና መዶሻ ይዘው ማዕዘኑ ሥር ተንበረከኩ። ናኦሚ ከየት መጣች ሳልል አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ «አባባ፣ ምን እያደረግህ ነው?» ትላለች። ጋሽ ሰይድ «ቤትሽን ላክመው ነው» አሏት። መሮውን አስደግፈው መዶሻውን አነሱ። ያ ሲሚንቶ ምን እንደያዘ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ተዉ! እንዳትነኩት! ከዚያ ራቁ!»

ጩኸቴ ለራሴም ባዳ ነበር። ሮጬ ናኦሚን ከወገቧ አንስቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ጋሽ ሰይድ መዶሻው አየር ላይ እንደቀረ አዩኝ።

«ቋሚው እግር የለውም» አልኩ። «ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ድንጋይና ሲሚንቶ ነው ያለው። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሲሚንቶውንም ያስለሰንኩ እኔ ነኝ። ገመቹ ስለ ቋሚው የሚያውቀው ነገር የለም፤ እኔን ብሎ ነው የዋሸው።»

ጋሽ ሰይድ መዶሻውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ጫጩት እንደሚያስቀምጥ ሰው። ከዚያ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ሁሉንም አስወጡ።

«ድጋፍ» አሉ ሲወጡ። «ድጋፍ ሳይገባ ማንም እዚህ ክፍል አይገባም።»

እስከ 9 ሰዓት ድረስ ወፍራም ባህር ዛፍ ከእንጨት መሸጫ እየመጣ ፎቁ ከውስጥም ከውጭም ተደገፈ። ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ሰይድ ሲሚንቶውን በትንሽ በትንሹ ያላቀቁት። ድንጋዩ ሰምጦ፣ በላዩና በቋሚው መካከል መዳፍ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ነበር። ቋሚው ከጉልበት በላይም እስከ ወገብ በስብሷል። ማዕዘኑን ይዞት የነበረው የሲሚንቶው ቅርፊት ብቻ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን በባዶው ቦታ አስገብተው አወጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ፣ ያን መዶሻ ባሳርፈው ኖሮ እኔና ልጅቷ እዚህ ነበርን» ብለው መሬቱን አሳዩኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምሕረት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔም ስንጥቁን የደበቅኩሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው፣ እማ» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ገመቹ ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ።

ከዓርብ እስከ ሰኞ

ኢንጂነር ጫልቱ በማግሥቱ ተመልሳ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችን። ከዚያ መዝገቧን ከፍታ፣

«እናቴ፣ አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች። «የትኛው ግድግዳ፣ እስከ የት ድረስ፣ ምን ተቆረጠ። ይህም የቤቱ ታሪክ ነው።»

ተናገርኩ፣ ጻፈች፣ ፈረምኩ። ከቅድመ አያቱና ከድሬዳዋ አናጢዎች ቀጥሎ የእኔ ስም ገባ። አስቴር፣ የቤቱ አማት፣ ሲሚንቶ ያስለሰነች። ገመቹ ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ሲያስቀምጥ ሳቁን ሲይዝ አየሁት፤ ትንሽ ቀለለኝ።

ጋሽ ሰይድ ከፈረሰ ቤት የተረፈ የጽድ እንጨት አግኝተው ለቋሚው አዲስ እግር ቀጠሉለት፤ እግሩንም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆሙት። ጭቃው ከሐሙስ ጀምሮ ከጤፍ ጭድ ጋር ተዘፍዝፎ ነበር። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲያመጣ ነው የሚደርሰው። እሑድ ከጸሎት መልስ ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገብቼ ረገጥኩ።

«በርቱ፣ እትዬ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «እኔ የቆምኩት ሲሚንቶ እንዳይጨምሩበት ልጠብቅ ነው።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እስከ መቼ ነው የሚሰድቡኝ?»

«እስኪደርቅ። ሁለት ወር ነው።»

ሰኞ ማምሻውን ግድግዳው ጠቆር ብሎ ርጥብ ሆኖ ቆመ። እጄን ሳስደግፍበት ቀዝቃዛ ነው። ድጋፎቹ ገና አልተነሱም፤ የናኦሚም አልጋ ክረምቱን ፎቅ ላይ ከእናት ከአባቷ ጋር ይሆናል። እኔ ልወስዳቸው ነበር የመጣሁት። ገመቹ ግን «እማዬ፣ አሁን እኮ ምን እንደያዘን እናውቃለን» አለኝ። የራሴን ሻንጣ ብቻ አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ፣ ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ ቲማቲሙ ተጠርጎ፣ አስፋልቱ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩ ሌላ ሰው ነው፤ ስልክ አላነሳም፤ እኔ ግን መሪውን ከማየት አላረፍኩም። ፍርሃቴ አዳማ አልቀረም፤ አብሮኝ ተሳፍሯል። ያወቅሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ቤቱን ሊጥለው የደረሰው እርጅናው አይደለም። ያ ጭቃ ከእኛ በፊት ስንት ክረምት አሳልፏል። ሊጥለው የደረሰው የእኔ ችኮላና ዝምታዬ ነው። አሮጌ ቤት ያላችሁ፣ የነካችሁት ነገር ካለ ለሚኖርበት ሰው ንገሩ፤ ለግንበኛውም ንገሩ። እንዳይፈሩ ብላችሁ አትደብቁ።

ተስፋዬ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ቤት ገብተን እራት ስንበላ ሁሉንም ነገርኩት። መጋዙን፣ ድንጋዩን፣ መዶሻው አየር ላይ መቅረቱን። ስጨርስ ጉርሻውን ይዞ ቆየ።

«አስቴር» አለኝ።

«አቤት።»

«የሻወሩ ማሞቂያ ባለፈው ዓመት ሲበላሽ የሠራው ኤሌክትሪሺያን አይደለም። ሽቦውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። በፕላስተር።»

እኔ በዚያ ማሞቂያ ስታጠብ ዓመት ሆኖኛል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትፈሪያለሽ ብዬ።»

ተነስቼ ቆጣሪው ጋ ሄጄ የማሞቂያውን መስመር አጠፋሁት። ተመልሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና፣

«ሌላስ?» አልኩት።